የእንጦጦ ዳገትና የቤተሰብ መኪና ምርጫ፦ ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ መኪናን ሳያዳላ ይፈትናል። ከቦሌ የተነሣ ተሽከርካሪ እንጦጦ ራጉኤል ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 330 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ ራጉኤል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ጭነት የያዙ አህዮች ለዘመናት ተመላልሰውበታል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በዕረፍት ቀን ቤተሰብ ይዘው የሚወጡ መኪኖች በርክተዋል።

ከእነዚህ መካከል የብዙዎችን ዐይን የሚስበው በተለምዶ ኤስዩቪ የሚባለው መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ አምስት ወይም ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ለልጆችም ለዕቃም ቦታ ያለው በመኾኑ ይመረጣል። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የዓመታት ቁጠባውን ያወጣል፤ ቦታ ወይም ቤት የሚሸጥም አለ። ስለዚህ ምርጫው የውበት ወይም የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ውሳኔ የቤተሰብን ጥሪት ለረጅም ጊዜ ያናጋል።

ምርጫው ራሱ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉና ትልቅ ሞተር ያላቸው መኪኖች ታክሳቸው እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም መገባደጃ አካባቢ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪኖች በሩን ከፈተ። ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው የሚገቡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚመጡት ደግሞ ከቀረጥ ነጻ እንዲኾኑ ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። ለነዳጅ ግዢ በየዓመቱ የሚወጣው ቢሊዮን ዶላር ለውሳኔው የተሰጠ ዋነኛ ምክንያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተከትለዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት ዐቅም በእጅጉ ወረደ፤ የማንኛውም ከውጭ የሚገባ መኪናና መለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በ2017 ዓ.ም አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። እናም ዛሬ የቤተሰብ መኪና የሚፈልግ ሰው በሁለት አማራጮች መካከል ቆሟል። አንደኛው ቀድሞ ሀገር ውስጥ ከገቡት ራቭ ፎር፣ ቪታራ ወይም ቱሳንን ከመሰሉ የቤንዚን መኪኖች አንዱን ከሌላ ባለቤት መግዛት ነው። ሁለተኛው እንደ ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ወይም እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለ የኤሌክትሪክ መኪና መያዝ ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚኾን አንድ መልስ የለም። መልሱ ያለው መኪናው በሚሄድበት መንገድና ሌሊት በሚያድርበት ግቢ ነው። የእንጦጦ ዳገት ይህን በግልጽ ያሳያል።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቤንዚን ለመቀጣጠል አየር ስለሚያስፈልገው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ3 ሺህ ሜትር ላይ በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። አራት ሰውና ዕቃ የጫነ አነስተኛ ሞተር ያለው መኪና ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ቦሌ ላይ ያለው ጉልበት ራጉኤልም ላይ አብሮት አለ።

ጉልበት አለው ማለት ግን ዳገቱን በነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህም 70 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ከሃያ አንድ እጅ በላይ ነው። ልዩነቱ በመልስ ጉዞ ይታያል። የቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ያቃጠለውን ነዳጅ ቁልቁለቱ አይመልስለትም። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ፣ ወጪ ካደረገው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም ዕድሜ ይረዝማል።

በዚህ ላይ ግን በተራራው ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ባትሪው ሙሉ ከኾነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው፣ መኪናውን የሚይዘው የሞተሩ ጉተታ ይደክማል። ሌሊት እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ንጋት ላይ ቁልቁል የሚወርድ አሽከርካሪ ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። ከላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሞ ቢወርድ ደኅንነትንም ቁጠባንም ያገኛል። የቤንዚን መኪና አሽከርካሪም ቢኾን ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን ረግጦ መቆየት የለበትም፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ያቆማል።

ወጪውን በሒሳብ ማየት ይቻላል። በእንጦጦ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ይነዳል እንበል። ዳገቱ ተጨምሮበት በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና በወር 125 ሊትር ይፈልጋል። ሊትሩ 100 ብር ብቻ ቢኾን እንኳ 12 ሺህ 500 ብር ይመጣል። ይኸው ጉዞ ለኤሌክትሪክ መኪና፣ በቻርጅ ወቅት የሚባክነው ተጨምሮ፣ 260 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይኾናል። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር እንኳ ቢታሰብ ወጪው 2 ሺህ 600 ብር ነው፤ ከቤንዚኑ አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መወሰኑ መዘንጋት የለበትም። ኾኖም ልዩነቱ ሰፊ በመኾኑ ጭማሪው የሒሳቡን ውጤት አይገለብጠውም።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ መኪናው በሚያድርበት ግቢ ውስጥ መብራት መኖር አለበት። ለቀን ጉዞ የሚያስፈልገው ከ9 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚኾን ኃይል ከተራ የግድግዳ ሶኬት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ይገባል። ባዶ ባትሪ ለመሙላት ግን በተራ ሶኬት ከ30 ሰዓት በላይ፣ በ7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር ደግሞ 10 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ይህን ቻርጀር ለማስገጠም የቤቱ ሽቦና ቆጣሪ መቻላቸው በባለሙያ መረጋገጥ ይኖርበታል። ያረጀ ሽቦ ለሰዓታት ከባድ ኃይል ሲያስተላልፍ ይግላል፤ ለእሳት አደጋም ይዳርጋል።

የራሱ ግቢ ያለው የየካ ነዋሪ ይህን ሊያሟላ ይችላል። በኪራይ ቤት የሚኖር ወይም መኪናውን በኮንዶሚኒየም የጋራ ቦታ የሚያቆም ሰው ግን ሕዝብ በሚጠቀምባቸው የኃይል መሙያ ጣቢያዎች ላይ ጥገኛ ይኾናል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያ መክፈቱ መልካም ጅምር ነው። ኾኖም መንግሥት ወደ ሀገር መግባታቸውን ከገለጸው ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አንጻር ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው። የነዳጅ ሰልፍን ሸሽቶ የቻርጅ ሰልፍ ላይ መቆም ለገዢው ትርፍ አይኾንም።

ችግሩ ከከተማ ሲወጡ ይጎላል። አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ መኪና የሚገዛው ለከተማ ብቻ አይደለም። ለበዓል ወላጆቹን ይጠይቃል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ሀገር ቤት ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኾኑ የተሞላ ባትሪ አድርሶ ሊመልስ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣው ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ የኾነ ዳገት ለብቻው 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ፋብሪካዎች በቻይና መለኪያ 500 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል የሚሉት መኪና፣ ሰው ጭኖ በዳገትና በፍጥነት ሲነዳ ያን ያህል አይሄድም። መንገዱ ላይ በርግጠኝነት የሚሠራ ጣቢያ ሳያውቁ መነሣት ደግሞ መንገድ ላይ ለመቅረት መፍቀድ ነው።

የአርሶ አደሩ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ከዋናው መስመር በጠጠር መንገድ ገባ ብሎ ለሚኖር፣ መብራት ለማይደርሰው ወይም ለሚቆራረጥበት ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና ገና አማራጭ አይደለም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚገኝ ድንጋያማ መንገድ ያሰጋዋል፤ ብዙዎቹም በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው። ይህ ቤተሰብ የሚፈልገው ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ማንኛውም የወረዳ ጋራዥ የሚጠግነው መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከውጭ እንዳይገባ ሲከለከል፣ ሀገር ውስጥ ያለው ይወደዳል። የፖሊሲው ትሩፋት ግቢና መብራት ላለው ከተሜ ቶሎ ሲደርስ፣ ሸክሙ በመንገድና በመብራት ወደ ኋላ በቀረው ላይ ይበረታል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ለመኪና ባለቤት የሚቀረው ጥያቄ ያ ኃይል በማከፋፈያ መስመሩ በኩል ደጁ መድረሱ ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ከኾነ ቀዳሚው ዋስትና ነው። ፋብሪካው ለባትሪው የሚሰጠው የስምንት ዓመት ገደማ ዋስትና ብዙ ጊዜ ለተሸጠበት ሀገር ብቻ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ የገባ መኪና ዋስትናውን ይዞ ላይመጣ ይችላል። አስመጪው ራሱ ምን ዋስትና እንደሚሰጥ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ሁለተኛው የቻርጅ ሶኬቱ ዐይነት ነው፤ የቻይናና የአውሮፓ ሶኬቶች ስለማይገጣጠሙ ገዢው በአካባቢው ያሉ ጣቢያዎች የትኛውን እንደሚያስተናግዱ ማየት አለበት። ሦስተኛው የባትሪው ጤንነት ነው፤ ያገለገለ መኪና ከኾነ ባትሪው ከመጀመሪያው ዐቅሙ ምን ያህል እንደቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ መታየት ይኖርበታል። በመጨረሻም በአደጋ የተጎዳ መብራት፣ መስታወት ወይም የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ከየት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቤንዚን መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጥ። ከዚያ በሚያምነው መካኒክ ያስመርምር፤ ከሁሉ በላይ መኪናውን ቤተሰቡን አሳፍሮ ዳገት ላይ ይንዳው። በሜዳ ላይ የሚሸፈን የካምቢዮ፣ የፍሪሲዮንና የሞተር መጋል ችግር በሽሮ ሜዳና በራጉኤል መካከል አይደበቅም።

መንግሥት መኪናውን በአዋጅና በቀረጥ ለውጦታል። መንገዱን ተከትሎ የሚቆመው ጣቢያ፣ የሰለጠነው ባለሙያና የማይቆራረጠው መብራት ግን በአዋጅ ብቻ አይመጡም። እስከ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ባሉት ዋና መስመሮች ላይ አስተማማኝ የኃይል መሙያ ጣቢያ እስኪዘረጋ ድረስ፣ ከከተማ የማይወጣና ግቢው መብራት ያለው ቤተሰብ በኤሌክትሪክ መኪና ይጠቀማል። ዘወትር ሀገር ቤት የሚመላለስ ወይም ገጠር የሚኖር ደግሞ ዋጋው ቢከብደውም ነዳጁን መተው አይችልም። ብልህ ገዢ ወደ መሸጫ ቦታ ከመሄዱ በፊት የዓመቱን ጉዞውን በወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ የቤቱንም ቆጣሪ ያስመረምራል።