ጠቅ ያላደረገው አንባቢ

አንድ ገጣሚ ወዳጅ አለኝ። ለእናቱ ሞት የጻፈውን ሙሾ ባነበብኩት ቁጥር እንባ ይተናነቀኛል። ይህንኑ ሙሾ ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ከፍቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን አላነበብኩትም። ከግጥሙ ግርጌ የተለጠፈውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ማስታወቂያ ጠቅ አድርጌ ወዲያው እወጣ ነበር። ወዳጄ "ወንድሜ፣ በምሳ ሰዓትህ ጠቅ ጠቅ አድርግልኝ" ብሎ ለምኖኝ ነው። የለመነውም እኔን ብቻ አልነበረም። ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ ማስታወቂያውን ያቀረበለት ድርጅት ሒሳቡን ዘጋበት፤ ተጠራቅሞለት የነበረው አራት ዶላር ከምናምን ሳንቲምም በዚያው ቀረ።

ወዳጄ ተበደልኩ ይላል። እኔ በበኩሌ አልተበደለም ባይ ነኝ። የባንክ ሠራተኛ እንደ መሆኔ ያልገባን ገንዘብ እንደ ገባ አድርጎ መመዝገብ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ከእያንዳንዱ ጠቅታ ጀርባ ከኪሱ የሚከፍል ነጋዴ አለ፤ እኛ ደግሞ ሊገዛ የመጣ ሰው መስለን ደጁን እያንኳኳን ሸሸን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ጥፋታችን ብቻ አይደለም። በጥፋቱ ውስጥ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው፤ ግጥሙ ገቢ ያመጣ ዘንድ አንባቢው ግጥሙን ትቶ መሄድ ነበረበት።

የንግዱ ሥርዓት ከመነሻው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ ዶት ኮም የተባለ የአሜሪካ የመፈለጊያ ድረ ገጽ ቃላትን ለጨረታ አቀረበ። ለአንድ ቃል ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ነጋዴ፣ ሰው ያንን ቃል ሲፈልግ ስሙ ከሁሉ በላይ ይወጣለታል፤ የሚከፍለውም ፈላጊው ጠቅ ሲያደርግ ብቻ ነው። ጉግል በ2002 ይህንኑ ስልት በራሱ መንገድ ያዘ፤ በ2003 ደግሞ አድሴንስ በተሰኘው አገልግሎቱ አማካይነት ማስታወቂያው በየግለሰቡ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፍ ጀመር። (እርግጥ አድሴንስ ከ2024 ወዲህ ለድረ ገጹ ባለቤት የሚከፍለው ማስታወቂያው በመታየቱ ሆኗል። ቃል የሚገዛው ነጋዴ ግን ዛሬም ጠቅታ መቁጠሩን አልተወም።)

በዚያው በ2002 በአፕሪል ወር፣ ክሪስቶፍ ብሩኖ የተባለ ፈረንሳዊ ከያኒ ይህን ገበያ በግጥም ሊፈትነው ተነሳ። በአምስት ዶላር ያህል ቃላት ገዛ፤ ነጋዴው ሸቀጡን በሚያሞግስበት ሥፍራ ላይም ጥቃቅን ግጥሞች አኖረ። በአንድ ቀን ውስጥ 12,000 ያህል ጊዜ ታዩለት። ጠቅ ያደረገው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ወዲያው የድርጅቱ አውቶማቲክ ተቆጣጣሪ "ማስታወቂያህ ደካማ ነው" የሚል መልእክት ሰደደለት፤ ኋላም ዘመቻው ታገደ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነበር። ውሎ አድሮ ግን አልለቅ አለኝ። ከነዚያ 12,000 መካከል ስንቱ ግጥሚቱን አንብቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ጣቱን ሳያነሳ ቀርቶ ይሆን? በቆጣሪው መዝገብ ይህ ሰው ያው እንደ ኪሳራ ነው። ለገጣሚ ግን ከእርሱ የተሻለ አንባቢ ከየት ይመጣል?

ፒፕ ቶርንተን የምትባል የብሪታኒያ ተመራማሪ ደግሞ የታወቁ ግጥሞችን ቃል በቃል በጉግል የጨረታ ዋጋ ተምና፣ ድምሩን እንደ ሱቅ ደረሰኝ አትማ አሳይታለች። በዎርድስወርዝ የአበቦች ግጥም ውስጥ ያለው "ደመና" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውድ ሆኖ ተገኘ። ዋጋውን ያናረው ሰማዩ አይደለም፤ በዚያው ስም የሚጠራው የኮምፒውተር አገልግሎት ንግድ ነው። እንግዲህ የእኛዎቹን "ትዝታ"ን፣ "ሰቀቀን"ን፣ "እንጉርጉሮ"ን ማን ይጫረትባቸዋል? ወዳጄ ይህን እንደ ድህነት ይቆጥረዋል። እኔ አልቆጥረውም።

ገጣሚ ገንዘብ አያግኝ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አዝማሪም እኮ ያለ ሽልማት አያድርም። ነገር ግን አዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍለት ሰሚው ተነስቶ ሲወጣ አይደለም። ሰሚው ጠጁን ይዞ እንደ ተቀመጠ፣ እንዲያውም "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ እያቀበለ ነው። ሽልማቱ ስንኙ ልብ የነካበትን ቅጽበት ተከትሎ ይመጣል፤ ሸላሚውም ማን እንደ ሆነ በዐይን ይታያል። የጋዜጣ ማስታወቂያም ቢሆን ከግጥሙ ጎን ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንባቢው ዘወር ብሎ ባያየው እንኳ ጋዜጣው የቦታውን ዋጋ ተቀብሏል፤ ስለዚህ አንባቢውን ከግጥሙ የሚያስነሳበት ጉዳይ የለውም።

ለወዳጄም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ካማረህ የመጻሕፍትህ ዋጋና መሸጫ በተዘረዘረበት ገጽ ላይ ይሁን፤ እዚያ የመጣው ሰው ሊገበያይ ነው የመጣው። ከሙሾው ሥር ግን አንሣው። በምትኩ የቴሌብር ቁጥርህን አስፍር፤ ልቡ የተነካ ይሸልምህ። "ማን ይሸልማል ብለህ ነው?" አለኝ። ምናልባት ማንም አይሸልም ይሆናል፤ አራት ዶላሩም ቢሆን አልደረሰውም።

ባለፈው እሑድ ሙሾውን ከፈትኩት። ማስታወቂያው የነበረበት ሥፍራ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ ተነስቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በሦስተኛው አንጓ አንድ ፊደል ተገድፏል፤ ሠላሳ ጊዜ ስከፍተው አላየሁትም ነበር። ደውዬ ነገርኩት።