የእንግሊዝን ቋንቋ ስለ መማር

የእንግሊዝ ቋንቋ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ እንደ መሆኑ መጠን፥ ተማሪዎች ቃላቱን በየነጠላው ከነፍቺው ለማጥናት ብዙ ሲደክሙ እናያለን። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው፤ አጠናኑ ግን አይበቃም። «ካሪ» መሸከም፥ «አውት» ውጭ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ልጅ፥ በሳይንስ መጽሐፉ ስለ አንድ ሙከራ «ካሪ አውት» የሚል ትእዛዝ ቢያገኝ የሙከራውን ዕቃ ተሸክሞ ለመውጣት ይነሣ ይሆናል፤ የታዘዘው ግን ሙከራውን እንዲፈጽም ነው። «ጊቭ» መስጠት ሲሆን «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። «ፑት አፕ ዊዝ» ማለት መታገሥ ነው ቢሉትማ፥ ትዕግሥቱ ከሦስቱ ቃላት በየትኛው እንዳለ ማን ያገኘዋል?

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1755 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፥ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ከግሥ በኋላ የሚቀጸለው ትንሽ ቃል መሆኑን ገልጿል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ «ዝም አለ» ማለትማ ጭራሹን አለመናገር ነው። ስለዚህ መምህራን ግሡን ከነተቀጽላው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢያስጠኑ፥ በፈተናም የነጠላ ቃል ፍቺ መጠየቅን ቢተዉ እንወዳለን።