የጀበና ቡና አድሚራሎች

በአቦሉ አሰብን ያዙ። በቶናው ዳህላክን ጨመሩ። በረካው ሲቀዳ ሐኒሽ ደሴቶች ላይ ደርሰው፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለውን ነዳጅ በበርሜል እየሞሉ ነበር። ይህ ሁሉ ዘመቻ የተካሄደው ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ አንዲት የጀበና ቡና የሚፈላባት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ዘማቾቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ ቡና አቅራቢ፣ አንድ መምህርና አንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት።

ወጣቱ ወደ እኔ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ዝም አሉ'ኮ! ምን ይላሉ?» አለኝ።

«ሐኒሽን የምናስመልሰው ከማን ነው?»

«ከኤርትራ ነዋ!»

«ሐኒሽ እኮ በ1991 ዓ.ም. ለየመን ተፈርዷል፣ ልጄ።»

ሦስቱም ዝም አሉ። ባለቡናዋ ብቻ ከሰሏን ታራግባለች። ደሴቱ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነዳጁን መካፈል፣ እንግዲህ የእኛ ነገር እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የባሕር በር ጥያቄ ነውር አይደለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ90 በመቶ በላይ ንግዷን በአንድ በጅቡቲ በር ስታስወጣና ስታስገባ፣ የሊሙና የጎማ ገበሬ የጀንፈሉ ዋጋ ላይ ይከፍለዋል። የኪራዩም፣ የወደቡም፣ የመዘግየቱም ሒሳብ መጨረሻ ላይ የሚወርደው እሱ ጫንቃ ላይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥያቄው ሳይሆን የምንጠይቅበት መንገድ ነው። «ታሪካችን ነው» ብሎ መጮህ ባሕር የሚያስገኝ ይመስለናል። አያስገኝም። የሐኒሽ ፋይል የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሐኒሽ ከየመኗ ሞካ ወደብ ብዙም ሳይርቅ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ደረቅ የደሴቶች ስብስብ ነው። ሞካን ጅማዎች ባናውቃት ነውር ነው፤ የእኛና የየመን ቡና ለዘመናት በስሟ ለዓለም ተሽጧል። በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ኤርትራና የመን በእነዚህ ዐለቶች ላይ ተታኮሱ። ሰው ሞተ፣ የየመን ወታደሮች ተማረኩ፣ የኤርትራ ጦር ትልቁን ሐኒሽ ያዘ። ነዳጅ አለ ይባል ነበር፤ ዓሣም አለ፤ የመርከብ መንገድም በዚያው ያልፋል። ፈረንሳይ መሐል ገብታ በመስከረም 1989 ሁለቱም ጉዳዩን ለአምስት ዳኞች ሊሰጡ ፓሪስ ላይ ፈረሙ።

ዳኞቹ ፊት ምን ያልቀረበ አለ? የመን ከኢማሞቹ ዘመን የሚመዘዝ ታሪክ አቀረበች። ኤርትራ ከጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እኔ ወርዷል አለች። ልብ በሉ፣ የእኛ ዘመን ማስረጃም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከነዳጅ ኩባንያዎች ጋር የተዋዋለችው ሳይቀር ተመረመረ። መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም. ፍርዱ ወጣ። የሁለቱም ጥንታዊ ታሪክ ዳኞቹን አላሳመነም። የነዳጅ ውሎቹም የደሴት ባለቤትነትን አያረጋግጡም ተባለ። ሚዛኑን ያዘነበለው በቅርብ ዓመታት ማን ምን ሠራ የሚለው ነው። መብራት ቤቱን ማን አበራ? ፈቃድ ማን ሰጠ? እዚያ ቦታ የመንግሥትን ሥራ ማን ሠራ? በዚህ መለኪያ የሐኒሽና የዙቀር ደሴቶች ለየመን፣ ወደ ኤርትራ ዳርቻ የሚጠጉት ሞሐበካና ሌሎች ትንንሽ ዐለቶች ለኤርትራ ሆኑ።

የባሕሩ ድንበር ደግሞ በታኅሣሥ 1992 ተሰመረ። የዓለም የባሕር ሕግ ሰው ሊኖርበት ለሚችል ደሴት በዙሪያው እስከ 200 የባሕር ማይል የኢኮኖሚ ክልል ይሰጣል። ሰው ሊኖርበት ለማይችል ዐለት የሚሰጠው 12 ማይል ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከውኃ በታች ለሆነ ሪፍ ምንም የለውም። ኤርትራ ነጊሌህ የሚባል ሪፍ መነሻ ይሁነኝ ብላ ነበር፤ ከውኃ በላይ ብቅ የማይል ነገር መነሻ አይሆንም ተባለች። ዳኞቹ ግን መስመር አስምረው ብቻ አልተነሡም። የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ጥንቱ በዚያ አካባቢ እንዲያጠምዱ ወሰኑ። ድንበሩን የሚያቋርጥ ነዳጅ ወይም ማዕድን ቢገኝም ሁለቱ እንዲነጋገሩ፣ እንዲመካከሩ ግዴታ ጣሉባቸው። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ነዳጅ ግን እስከ ዛሬ አንድ በርሜል አልወጣም።

ይህን ሳነብ አጋሮ አጠገብ ያየሁት ሽምግልና ትዝ ይለኛል። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው የቡና ማሳ ወሰን ተጣልተው ነበር። ታላቅየው ተነሥቶ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ተረከ። ከሽማግሎቹ አንዱ የሆኑት ሼህ አቋረጡት፤ «አባትህን አውቀዋለሁ፣ አላህ ይዘንለት። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ይህን ጢሻ በየክረምቱ ሲመነጥር የኖረው ማነው? ቀዩንስ ማነው ሲለቅም የኖረው?» ታናሹ ነበር። መሬቱ ለታናሹ ተፈረደ፤ መሐሉ ላይ ያለው ምንጭ ግን የሁለቱም ከብት ይጠጣበት ተባለ። ታላቅየው ከፋው። ቢከፋውም የወሰኑን ድንጋይ በገዛ እጁ ተከለ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ድንጋዩን በገዛ እጅ መትከል። ኤርትራ ሐኒሽን በጦር ይዛው ነበር፤ ሲፈረድባት ግን ለቃ ወጣች። አስመራን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም የምለው። በግንቦት 1990 የባድመን ጦርነት ስትጀምር ሕግ እንደጣሰች የካሣ ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 ፈርዶባታል። ግን እኛስ? በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ «የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ነው» ብለን ፈረምን። በሚያዝያ 1994 ውሳኔው ሲወጣ መንግሥታችን ባድመ ለእኛ ተፈረደ ብሎ አበሰረን። ወረቀቱ በደንብ ሲነበብ ባድመ በኤርትራ በኩል ሆነች። ከዚያ በኋላ «በመርህ ደረጃ»፣ «ባለ አምስት ነጥብ» እያልን ስንጎትት እስከ ግንቦት 2010 ቆየን። አሥራ ስድስት ዓመት! ያን ሁሉ ዘመን የአሰብ መንገድ ተዘግቶ፣ የጅማ ቡና ጅቡቲ ወደብ ሲሰለፍ ኖረ።

ታዲያ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ስለ ባሕር ስናወራ ቢደነግጡ ምን ይገርማል? በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በይፋ አነሡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች። ዓመት ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 2017 አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። የፈረሙትን በቁማቸው የሚጠብቁ ናቸው ብሎ የሚያምነን ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ባላስፈለገ ነበር።

«ፍርድ ቤት ለደካማ ነው፤ ጉልበት ያለው ይወስዳል» የሚለኝ አይጠፋም። መምህሩም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ኬንያን ጠቀሰልኝ። እውነት ነው፣ ነዳጅ ይገኝበታል በተባለው የሕንድ ውቅያኖስ ክልል ላይ ሶማሊያ ከሳ፣ በጥቅምት 2014 የሄጉ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ለሶማሊያ ሲሰጥ ናይሮቢ አልቀበልም ብላለች። ግን አልቀበልም ማለት ምን አስገኘ? የተፈረደበትን ባሕር አንድ ኩባንያ በሙሉ ልቡ ገንዘቡን አያፈስበትም። የሚያጨቃጭቅ ነዳጅ መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ገንዘብ ነው፤ የማንም ኪስ አይገባም። ደግሞስ ወደብ መያዝ ብቻውን ምን ያድናል? ከኅዳር 2016 ጀምሮ ሁቲዎች መርከብ ሲመቱ፣ ወደብም ባሕር ኃይልም ያላቸው አገሮች መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲዞሩ አይተናል።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። ባሕር ከፈለግን መጀመሪያ መታመን እንፈልግ። የምንፈርመውን ሕዝብ ያንብበው። ሲፈረድብን ድንጋዩን በገዛ እጃችን እንትከል። ለጎረቤት የምንሰጠውን ጥቅም በግልጽ እንናገር፤ መብራት፣ ገበያ፣ ጭነት አለን። የምንጠይቀውም ሰንደቅ ዓላማ የምንተክልበት ዐለት አይሁን፤ መንግሥት ሲለወጥና አምባሳደር ሲኳረፍ የማይዘጋ መንገድ ይሁን። ይህ ለጀበና ቡና አድሚራሎች ሞቅ አያደርግም፤ አውቃለሁ። ለሊሙ ገበሬ ግን ከዳህላክ ይበልጥበታል።

ስለ አጋሮዎቹ ወንድማማቾች አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የታላቅየው ማሳ መንገድ አይነካም። ጀንፈሉ ወደ መኪና የሚወጣው በታናሹ መሬት አቋርጦ ነው። ያን ቀን ድንጋዩን አልተክልም ብሎ ቢሆን ኖሮ ያች የእግር መንገድ በማግስቱ በእሾህ ትታጠር ነበር። ባለፈው ኅዳር ሳልፍ አየሁት፤ ጆንያ የተጫኑ አህዮች በታናሹ ቡና መሐል እየወጡ ነበር። ማንም አልከለከላቸውም።