ኢምፓክት ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፕሬሰሩን እዩ

በኒው ሀልፋና ገዳሪፍ መስመር የሚመላለስ መኪና ያለው ቤተሰብ በግቢው የአየር ብሎን መፍቻ፣ ማለትም ኢምፓክት፣ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ያ ቁጥር የሚገኘው በቂ አየር ሲኖር ነው። አብዛኛው መሣሪያ ወደ 6 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ጎማ ለመንፋት ብቻ የተሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ጥቂት ዳዶ እንደፈታ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለቤት መኪናና ለፒክአፕ ግማሽ ኢንች ይበቃል። የከባድ መኪናውን ለጎሚስታ ተዉለት። እኔ የምመክረው፣ ርካሽ መሣሪያ ገዝታችሁ የተረፈውን ብር ሰፊ ታንከር ላላው ኮምፕሬሰር አውሉት፤ ውሃውን በየቀኑ አፍስሱ፣ መሣሪያውንም ዘይት አጠጡት።

ስታጠብቁ ግን በእጅ ጨርሱ። በኢምፓክት ያለ ልክ የጠበቀ ዳዶ፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ በእጅ ቁልፍ አልፈታም ይላል።