እብዱን የማይጠይቅ ፊልም

ፊልም በሚወዱ ሰዎች ዘንድ እንደ ቀኖና የተያዘ አንድ አባባል አለ። በፊልም ውስጥ ያበደ ሰው ለምን እንዳበደ ከተነገረ ነገሩ አለቀለት ይላሉ። እብደት ምሥጢር ስለሆነ፣ ደራሲው ምክንያቱን ባስረዳ ቁጥር ተመልካቹ የሚደነግጥበትም የሚደመምበትም ነገር ያጣል ነው ክርክሩ። በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይም ይኸው ወቀሳ ሲሰነዘር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ «አንበርብር እግሩን እንዴት እንዳጣ ባይነገረን ኖሮ ፊልሙ የበለጠ ይከብድ ነበር» ይባላል። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ለእኛ አገር ፊልም ደግሞ ከስሕተትም አልፎ ጎጂ ነው።

ለማስረጃ ሁልጊዜ የሚጠሩት የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ይህ ፊልም ሊያልቅ ሲል አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይነሣና ኖርማን ቤትስ እንዴት እናቱን ሆኖ እንደሚገድል ያብራራል። ንግግሩ ረጅም ነው፣ ደረቅም ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ፊልሙ እዚያ ላይ አያበቃም። ካሜራው ወደ ኖርማን ይሄዳል። ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል፣ እጁ ላይ ዝንብ አርፋለች፣ የእናቱ ድምፅ ከውስጡ ይናገራል፣ ከዚያ ፈገግ ይላል። ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው ብንል እንኳ ያ ፈገግታ ቅንጣት አይቀልም። እንዲያውም «አሁን ፈገግ ያለው ማን ነው? ልጁ ወይስ እናቱ?» ብለን የምንጨነቀው ሐኪሙ ስለነገረን ነው። ማብራሪያው ባይኖር ኖሮ የምናየው አንድ የሚያስፈራ ፊት ብቻ ነበር።

ጎንደር ያደገ ሰው ግን ለዚህ ሂችኮክን መጥራት አያስፈልገውም። በእኛ ዘንድ አእምሮው የተነካ ሰው ሳይጠየቅ ቀርቶ አያውቅም። ጠበል ቦታ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ማን ነህ? መቼ ያዝከው? የት አገኘኸው? በምን ያዝከው?» ይላል። የታመመው ሰው እስኪለፈልፍ ድረስ ጥያቄው አይቆምም። ዛር ቤትም ሥርዓቱ ይለይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ጉሪው፣ የዛሩ መንዘፍዘፍ፣ ይመጣል፤ ከዚያ ዛሩ ስሙን ይናገራል፣ ይፎክራል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አያሁ በምትባል ባለዛር ቤት ይህንን ሲከታተል ከርሟል፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም የዛርን ሥርዓት ከቴአትር ጋር አያይዞ ተንትኖታል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በዛር ቤቱም በጠበሉም ዋናው ሥራ ማስነገር ነው። የያዘው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደያዘው፣ ምን እንደሚፈልግ ሁሉ በሕዝብ ፊት ይነገራል። ያንን ሰምቶ «አሁንማ ምሥጢሩ ጠፋ» ብሎ የተመለሰ ሰው አላየሁም። የሰማ ሁሉ የሚመለሰው ፈርቶና አማትቦ ነው።

ስለዚህ «እብደት ሲብራራ ይሞታል» የሚለው ሐሳብ ከእኛ ልማድ የወጣ አይደለም። ምክንያት ከተነገረ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ማየት የሚፈልግ ወደ ሳንጃ ይምጣ። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ከተማ ናት፣ ቆላ ናት፤ በክረምቱ ለሰሊጥ አረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ለአጨዳ ከየደጋው የቀን ሠራተኛ ይወርድባታል። ወባው ይጠብቀዋል፣ ሙቀቱ ይጠብቀዋል፣ ሒሳቡን ሳይከፍል የሚሰወር አሠሪም ይጠብቀዋል። ከነዚህ ሠራተኞች አንዱ ከአጨዳ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። በመንገዱ ዳር ዳር ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ የሌለ ነዶ አንሥቶ የሌለ ነዶ ላይ ያቆማል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። የሆነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልና ከማይታይ ሰው ጋር ይከራከራል፤ «አልጎደለም፣ አንተው ቁጠረው!» ይላል። ከዚያ ከአንድ ይጀምራል። ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፦ የወቅቱን ደመወዝ ተከልክሏል፣ በዚያ ላይ ወባው ራሱ ላይ ወጥቶበታል። ነገሩ የተሸፋፈነ አይደለም። ነገር ግን አብሮት ያጨደው፣ ያንኑ ደመወዝ የተከለከለው፣ በዚያው ወባ የተኛው ጓደኛው ድኖ አገሩ ገብቷል። ይህኛው ለምን? ደግሞስ ለምን ቁጥር? እያለቀሰ መዞር ይችል ነበር፤ ድንጋይ መወርወር ይችል ነበር፤ እሱ ግን ይቆጥራል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው ደመወዝ መከልከሉን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የማያውቀው መንገደኛ «እብድ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ለእሱ ምንም ምሥጢር የለም።

አሁን ወደ «ጤዛ» ልመለስ፤ ክርክሩ የሚወሰነው እዚያ ነውና። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወስዷል። ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፦ ጀርመን የተማረው አንበርብር በ1982 ዓ.ም. አካባቢ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ደርግ ልጆችን ለጦርነት እያፈሰ ነው። እናቱ በደስታ ተቀብላዋለች፤ እሱ ግን ሌሊት ይባንናል፣ ቀን ይፈዛል፣ ሲያናግሩት ሌላ ቦታ ነው።

የመንደሩ ሰው አንድ ነገር ያደርጋል፦ ጠበል ይወስደዋል። የፊልሙ ቁልፍ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሲኒማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ይህንን ትዕይንት ቄሶቹን ለማጣጣያ፣ መንደሬውን ኋላ ቀር ለማስባል ሊያውሉት በቻሉ ነበር። አላደረጉትም። ቀዝቃዛው ውኃ ሲወርድበት ከአንበርብር ውስጥ የሚወጣው ትዝታ ነው። ኮሎኝ ይመጣል፣ የተማሪዎቹ ክርክር ይመጣል፣ ጓደኛው ተስፋዬ ይመጣል። አጥማቂው «ማን ነህ? የት ያዝከው?» ብሎ የሚጠይቀውን ፊልሙ በራሱ መንገድ ይመልሰዋል፤ የያዘው ታሪክ ነው፣ የያዘውም ጀርመንና አዲስ አበባ ላይ ነው። ጎንደር የተወለዱት ደራሲ ፊልሙን የሠሩት በጠበል ሥርዓት ነው ማለት እችላለሁ፦ ውኃ ያፈሳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያስለፈልፋሉ።

ልብ በሉ፣ ማብራሪያው በአንድ ጊዜ አይሰጥም። እግሩ የት እንደቀረ ፊልሙ ሊያልቅ እስኪቃረብ አናውቅም። ቁርጥራጩ ይመጣል፣ ይቋረጣል፣ ወደ መንደሩ እንመለሳለን፣ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ ግን ይነገረናል፦ ተስፋዬ በአብዮቱ ዘመን ተገድሏል፤ አንበርብር ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ሳለ ዘረኞች ጥቃት አድርሰውበት እግሩን አጥቷል። ወቃሾቹ ፊልሙ ቀለለ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ እግሩ እንዴት እንደጠፋ ካወቃችሁ በኋላ የትኛው ጥያቄ ተመለሰላችሁ? በአገሩ ጓደኛው የተገደለበት፣ በሰው አገር አካሉ የጎደለ ሰው ወዴት ይሂድ? ከአብዮቱና ከዘረኛው ጥቃት የቱ ነው ሌሊት የሚያባንነው? ፊልሙ የእግሩን ነገር ይናገራል፤ የሰውየውን ነገር ለተመልካቹ ይተወዋል። እግሩ ሳይነገር ቢቀር ኖሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምናስበው ስለ እግሩ ብቻ ነበር። ሲነገረን ነው ዓይናችን ወደ ፊቱ የተመለሰው።

ከእሱ ጎን ደግሞ አዛኑ አለች። ልጇን ገድላለች ተብላ ከሰው የተገለለች ሴት ናት፤ መንደሩ ስለ እሷ ማወቅ የሚገባውን ሁሉ እንዳወቀ ያስባል። ታሪኳ ሲገለጥ የቀለለችበት ሰው ካለ ፊልሙን አላየውም። እሷን ያቀለላት መንደሩ የሰጣት ስም ነበር።

ስም መስጠትና ማስረዳት ይለያያሉ፤ የወቃሾቹ ስሕተት ከዚህ ይመነጫል። «ተለክፏል»፣ «መተት ነው»፣ «በፍቅር አብዷል» ማለት ስም መስጠት ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ ፀጉሩ ይንጨባረራል፣ ልብሱ ይቀደዳል፣ ጎዳና ላይ ወጥቶ ይስቃል፣ ተመልካቹም አብሮ ይስቃል። ከየት እንደመጣ አይነገርም፣ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም። ይህ ነው ምሥጢር የተባለው?

ኃይሌ ራሳቸው ከ«ጤዛ» ከሠላሳ ዓመት በፊት መልሰውታል። ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ከበበ የሚባል ሰው አለ። መሬቱን የተነጠቀ ነው፤ ሰዉ እብድ ይለዋል። ባላባቱን በመጨረሻ የሚገድለው ይህ እብድ ነው። ለምን እንዳበደ ከመጀመሪያው እናውቃለን፣ ቢሆንም በታየ ቁጥር ምን ሊናገር ነው ብለን እንሠጋለን። የሚያሠጋን የሚናገረው እውነት በመሆኑ ነው።

«ፖለቲካ ሁሉን እብደት አይገልጽም፣ ያለ ምንም በደል የሚታመም ሰው አለ» የሚሉኝ ይኖራሉ። አለ። ግን እሱም ቢሆን ይጠየቃል፤ ጎንደር ሆስፒታልም ሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል የሚሠራ ሐኪም መጀመሪያ የሚያደርገው መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚሰማው፣ በቤተሰብ ይኑር አይኑር መጠየቅ ነው። «ፊልም ሕክምና አይደለም» የሚለው መልስም አያሳምነኝም። ፊልም ሕክምና ባይሆንም ሰው ያበደ ጎረቤቱን የሚያይበትን ዓይን ያበጃል፤ ሰንሰለትም ድንጋይም የሚመጣው ከዚያ ዓይን ነው። ስለዚህ እላለሁ፦ በኢትዮጵያ ፊልም ውስጥ ምክንያቱ ያልተነገረለት እብድ ሁሉ ከተሳዳቢው ጎን ቆሞ የተጻፈ ነው።

ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የፊልም ጽሑፍ የምትጽፉ ወገኖች፣ ቀጣዩን እብድ ስትጽፉ ካሜራው ፊት ከማቆማችሁ በፊት ጠይቁት። ከየት መንደር መጣ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ በየትኛው ዓመት ምን ወሰዱበት፣ የሚቆጥረውስ ምን እየቆጠረ ነው? መልሱን አግኝታችሁ በግልጽ ንገሩን። ስለ ምሥጢሩ አትሥጉ።