ጦረኛውን ጽፈናል፤ ፈዋሹስ?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ልቦለድ ነው። እስቲ በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ካነበባችኋቸው የአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ንጉሥ፣ ፊታውራሪ፣ ሽፍታ ወይም አርበኛ የሆነበትን ጥሩ ብትባሉ ስንት ትጠራላችሁ? ብዙ። ዋናው ባለታሪክ ቁስል አጣቢ፣ አጥንት ጠጋኝ፣ ቅጠል አዋቂ፣ ባጭሩ ፈዋሽ የሆነበትንስ? እኔ በበኩሌ ለመቁጠር ጣቴን ዘረጋሁና መልሼ አጠፍኩት።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የባሕር ማዶው ፋንታሲ ነው። ግቢያችን ውስጥ ፋንታሲ የማይወድ ተማሪ ማግኘት ይቸግራል፤ በመጽሐፍ ያላነበበው በፊልም አይቶታል። ከእነዚህ ታሪኮች ብዙዎቹ አጥንታቸው አንድ ነው። ጦርነት ሊመጣ ነው፤ የማይዋደዱ መንግሥታት የግድ ኅብረት መፍጠር አለባቸው፤ በመካከል ደግሞ የመፈወስ ጸጋ ያለው ሰው አለ። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ያሳተመውን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለ ልቦለድ ውሰዱ። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ሰይፉን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ጎንዶር የሚባለው አገር ሰዎች ለብዙ ዘመን ያጡትን ንጉሣቸውን የሚያውቁት በሕሙማን ቤት ነው። ሰውየው ቅጠል አድቅቆ በሙቅ ውኃ ይጨምራል፣ የቆሰሉትን በእጁ ዳስሶ ያድናል፤ ያን ጊዜ ንጉሡ መጣ የሚለው ወሬ ከተማውን ይሞላዋል። ንግሥናው የታወቀው በመግደሉ ሳይሆን በማዳኑ ነው ማለት ነው። (ጎንዶርና ጎንደር መመሳሰላቸው ፈገግ ያሰኛል፤ እሱን ለላውንጅ ወሬ እንተወው።)

ታዲያ ይህን ሳነሣ ብዙ ጓደኞቼ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ፈውስ፣ ኅብረትና የሚያንዣብብ ጦርነት የተገናኙበት ታሪክ እዚሁ፣ በጎንደርና በበጌምድር መካከል፣ ዛሬ አውቶቡስ በሰዓታት በሚያቋርጠው መሬት ላይ በእውን ተፈጽሟል። እኛ አልጻፍነውም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1761 ዓ.ም. የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። የሟቹ ንጉሥ አያት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ባላቸውን፣ የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያውን፣ በዚያው ዘመን ጦርነት አጥተዋል። ከዚያ በኋላ ራስ ሚካኤልን አገቡ። እንግዲህ አስቡት! እናት የልጅ ልጃቸውን ያስገደለባቸውን ሰው ይጠላሉ፤ ልጅ ያንኑ ሰው አግብተዋል። አንድ ቤተሰብ ነው፤ ግን ግማሹ ለግማሹ ጠላት ነው።

በዚህ መሀል በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟታል። ብሩስ ተመርቆ የወጣ ሐኪም አልነበረም፤ በመንገዱ ከሐኪሞች የቀሰማትን ይዞ ነው የመጣው። ሆኖም ቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን የመኳንንት ልጆች እንዲያይ ተጠራ። ያደረገው አስማት አይደለም። በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ። ሁሉም አልዳነም፤ የሞተ ሞተ፣ የተረፈ ተረፈ። ከተረፉት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእናትየውም የልጅየውም በር ለብሩስ ተከፈተ። ጠላትና ጠላት የሚያምኑት አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው፤ ያም ሰው የታመመ ልጅ ያስታመመ ሰው ነው። በዚያው ዓመት የይፋግ ጎረቤት በሆነችው በእንፍራዝም ጥቂት ጊዜ ተቀምጧል።

ጦርነቱ ግን አልቀረም። የአማራው ጎሹና የበጌምድሩ ወንድ በወሰን መጀመሪያ የራስ ሚካኤል አጋሮች ነበሩ። ኋላ ከዱና የራስ ሚካኤል ዋና ጠላት ከነበሩት ከዳሞቱ ፋሲል ጋር ወገኑ። በግንቦት 1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ ተደጋግሞ ውጊያ ሆነ፤ ራስ ሚካኤል ወደ ጎንደር ሸሹ፣ እዚያም ተማረኩ። ብሩስ ይህን ሁሉ አይቶ አገሩ ገባና እ.ኤ.አ. በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ሲሄድ የመጽሐፈ ሄኖክን የብራና ቅጂዎችም ይዞ ነው የሄደው። ብራናውን ወሰደ ብለን እንቆጫለን፤ ደግ ነው፣ መቆጨት አለብን። ግን ታሪኩንስ? ታሪኩን ማንም አልወሰደብንም፤ እኛው ነን ያላነሣነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ ብሩስ ልቦለድ ይጻፍ እያልኩ አይደለም። እሱ ስለ ራሱ በበቂ ጽፏል፤ ራሱንም አላሳነሰም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በቁስቋም ያን ውኃ ማን አሞቀ? ኮምጣጤውን ማን ተሸከመ? ብሩስ ከመምጣቱ በፊትስ ሕፃናቱን ሌሊት ሌሊት ማን ያስታምም ነበር? ስማቸው አልተጻፈም። ልቦለድ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ከሌለው ዝም ማለት ግዴታው ነው፤ ልቦለድ ጸሐፊ ግን ሰው መፍጠር ይችላል።

ልቦለዳችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውን ጦቢያን አስታውሱ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ነው። አፈወርቅ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ከይፋግ ጣናን ተሻግሮ ማለት ነው። ታሪኩ ዘመኑ በውል ባልተነገረ ዓለም ውስጥ ነው የሚካሄደው። ጦር ይሸነፋል፣ አባት ይማረካል፣ መንታ ልጆቹ ይንከራተታሉ፣ መጨረሻው ጋብቻና እርቅ ይሆናል። ጦርነቱም ኅብረቱም ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ አለ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ጦረኛው አደላ። ዐፄ ቴዎድሮስን ብቻ ብናነሣ፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» አለ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» አለ፣ ቴያትሮቹም አሉ። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ አልቃወምም።

ግን ከዚያው ከቴዎድሮስ ታሪክ አንዲት ነገር ላንሣ። እናታቸው ከችግር የተነሣ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። እንዲህ ብሎ የሰደባቸውን ደጃዝማች ወንድይራድን ማርከው ኮሶ አጠጡት የሚባለውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ስንሰማም ስቀናል። ለመሆኑ ኮሶ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው! ስንትና ስንት ትውልድ ከትል ያዳነ መድኃኒት። መድኃኒት መሸጥ ስድብ፣ መድኃኒት መጠጣት ቅጣት ሆኖ የሚተረትበት አገር ነው የኛ። ልጅየው ስንት መጽሐፍ ተጻፈለት፤ ኮሶ ሻጯስ? የትኛውን ዛፍ ታውቅ ነበር? ልኩን ከማን ተማረች? ማን ዳነ በእጇ? ማንም አልጠየቀም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ልቦለድ ነው» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ነገሩ ቀላል አይመስለኝም። አንድ ሕዝብ የሚተርከው ታሪክ ልጁ ማንን መሆን እንደሚመኝ ይነግረዋል። እዚሁ ሊቦ ከምከም የሆነውን ተመልከቱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወረዳው ሰው በማይታወቅ ትኩሳት ይረግፍ ጀመር። ሆድ ይነፋል፣ ሰውነት ይከሳል፣ መድኃኒት አይመልሰውም። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ተመርምሮ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ነው አጥኚዎች የሚያስረዱት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከጤና ባለሙያዎቻችን ጋር አዲስ ዘመን ላይ ሕክምናውን ከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹም ዳኑ። እስቲ ንገሩኝ፣ የማይታይ ጠላት፣ በስሕተት የተጠራ ስም፣ ከሩቅ የመጣ ረዳትና ከመንደር የተነሣ ኅብረት፣ ይህ ታላቅ ታሪክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን ፉከራ የለውም፤ ስለዚህ አልተዘፈነም።

ጦርነቱማ መጥቶብናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ተያዘች፣ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ደብረ ታቦር ከተማ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሣ። ማን ትክክል ነው የሚለውን በዚህ ጽሑፍ አልገባበትም። የማነሣው ይህን ነው፤ በእንዲህ ያለ ዘመን ያደገ ልጅ የጀግና መልክ አንድ ብቻ ሆኖ ከቀረበለት፣ ያም መልክ ጠመንጃ የያዘ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ምን እንዲመኝ ትጠብቃላችሁ? መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በባትሪ ብርሃን ምጥ ያዋለደችዋን ነርስ ጀግና ብሎ የሚጠራት መጽሐፍ የታለ?

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው «ፋንታሲ ቅዠት ነው፤ እኛ ደግሞ እውነተኛ ችግር አለብን» የሚል ነው። ወገኖቼ፣ ገድሉንና ተአምሩን እየሰማ ያደገ ሕዝብ፣ እስክንድር ወደማይደረስ አገር ሲጓዝ በግዕዝ ያነበበ ሕዝብ፣ ድንቅ ነገር አይመቸኝም ሊል አይችልም። ደግሞም ድንቅ ታሪክ አንዳንዴ ከዜና የተሻለ መንገድ አለው። ዛሬ የማንን ወገን ስም ጠርተህ ብትጽፍ ግማሹ አንባቢ ሳይጨርስ ያስቀምጠዋል። ስሙ በሌለ አገር፣ ስሙ በሌለ ጦርነት ብትጽፈው ግን ሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ ያነበዋል። አፈወርቅም የጦቢያን ዘመን ክፍት ትተውታል፤ መንገዱ ከዚያ አለ።

ሁለተኛው «የባሕል ሐኪም፣ ደብተራ፣ ክታብ ምናምን ማሞገስ ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚለው ነው። ማሞገስ አላልኩም። ጥሩ ልቦለድ አታላዩንም ያሳያል፣ አዋቂውንም ያሳያል። ግን አንድ ቃል ልጠቁማችሁ። በብራና ተጽፎ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ክታብ እንለዋለን። ጤና ጣቢያ ሕፃን የሚወጋውን ክትባት እንለዋለን። ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው፤ አንዱ በብራና ላይ፣ አንዱ በቆዳ ላይ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ሰዉ የፈንጣጣ መግል ወስዶ ጤነኛውን እየበጣ ይከትብ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን መንገድ የሄደ አንድ ገጸ ባሕርይ ብትፈጥሩ መጽሐፉ ተጀመረ ማለት ነው።

እኔ ብታዘዝ የት እንደምጀምረው ልንገራችሁ። ይፋግ ገበያ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ያለፉ መንገደኞች ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ እንደነበር ጽፈዋል። ቆላና ደጋ፣ ክርስቲያንና እስላም፣ የአሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴና የሁለቱም ባላንጣ ጦር ሰላይ የሚገናኙበት ቦታ። እዚያ አንዲት ኮሶ ሻጭ አስቀምጡ። ከሁለቱም ወገን የቆሰለ ይመጣባታል። የማንኛቸውም አጋር አይደለችም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠረጥሯታል፣ ሁለቱም ያለ እሷ አይሆንላቸውም። ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ አንዱ ጌታ «የጠላቴን ሰው አታክሚ» ይላታል። ምን ትመልሳለች? ለኔ ይህ ጥያቄ ከአሥር የሰይፍ ፍልሚያ ይበልጣል። የኛም ጥያቄ ስለሆነ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። የኛ በሽታ ጀግንነትን በአንድ መልክ ብቻ መሳላችን ነው ባይ ነኝ። በየዶርሙ ደብተር ሞልታችሁ የምትጽፉ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀጣዩን ባለታሪካችሁን ስታስቡ ጎራዴውን ለሌላ ሰው አስይዙትና ለዋናዋ ሰው የኮሶ ሙቀጫ ስጧት። እኔ የመጀመሪያው አንባቢ እሆናለሁ።