ፕላት ወንዝ፦ ሦስት ግዛቶች፣ አንድ የውሃ ሒሳብ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከራስጌ ያለው ሰው ውሃውን በጠለፈ ቁጥር ከግርጌ ያለው ማሳ ይደርቃል። በአሜሪካ በፕላት ወንዝ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎችና ግዛቶቻቸውም ለረጅም ዘመን የተካሰሱት በዚሁ ጉዳይ ነው። በኋላ ግን ወደ ክርክሩ ሌላ ባለጉዳይ ገባ፤ ይኸውም ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚደርስ ነጭ ወፍ ነው።

ወንዙ ሁለት ክንፎች አሉት። ሰሜን ፕላት ከኮሎራዶ ተነሥቶ በዋዮሚንግ በኩል ይዞራል፤ ደቡብ ፕላት ደግሞ ከኮሎራዶ ተራሮች ይወርድና ሁለቱም በኔብራስካ ይገናኛሉ። በዋዮሚንግ የፓዝፋይንደር ግድብ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በኔብራስካ የኪንግስሊ ግድብ በ1941 ተሠርተው አለቁ። በ1945 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአንድ የሰሜን ፕላት ክፍል ላይ የመስኖው ወራት ውሃ 75 በመቶ ለኔብራስካ፣ 25 በመቶ ለዋዮሚንግ እንዲሆን ወሰነ። በዚያ ክፍፍል ውስጥ ለወንዙ ለራሱ የተመደበ ድርሻ አልነበረም።

ጎርፉ በግድብ በመያዙ፣ ሰፊና ገላጣ የነበረው አሸዋማ ወንዝ በብዙ ቦታ ዛፍ በቅሎበት ጠበበ። ሁፒንግ ክሬን የተባለው ነጭ ወፍ በካናዳና በቴክሳስ መካከል ሲመላለስ በዚህ ወንዝ ያርፋል፤ ሌሊቱን የሚያድረውም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ስለሆነ፣ አውሬ ሲመጣ ከሩቅ የሚያይበት ገላጣ ስፍራ ያስፈልገዋል። በ1941 በዓለም ላይ የቀሩት የዚህ ወፍ ዝርያዎች ከ25 አይበልጡም ነበር። ዛሬ በዚህ መስመር የሚመላለሰው መንጋ ከ500 በላይ ደርሷል።

በ1973 በወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ ወይም ገንዘብ ያለበት ማናቸውም የውሃ ሥራ በመጥፋት ላይ ያሉትን ዝርያዎች ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም። ገበሬውን ያሰጋውም ይኸው ነበር፤ እያንዳንዱ ግድብና ቦይ ለየብቻው እየተጠየቀ፣ ለወፉና ለዓሣው የሚሆን ውሃ ከየራሱ እንዲያዋጣ ሊገደድ ነው። ስለሆነም ሦስቱ ግዛቶችና የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ1997 ተስማሙ፤ ሥራውም በ2007 ተጀመረ። ወጪውን ግማሹን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግማሹን ግዛቶቹ በገንዘብ፣ በውሃና በመሬት ይሸፍናሉ። በአስተዳደር ኮሚቴው ውስጥ የውሃ ተጠቃሚዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ድምፅ አላቸው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በኮሎራዶ፣ ታማራክ በተባለው ስፍራ፣ ውሃ በሚተርፍበት ጊዜ ከወንዙ አጠገብ ካሉ ጉድጓዶች እየተሳበ ራቅ ወዳለ ኩሬ ይፈስሳል፤ ከዚያም መሬት ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ፣ እጥረት ባለበት ወር ወደ ወንዙ ይመለሳል። አዲስ ውሃ አልተፈጠረም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው። ዋዮሚንግ በደለል የጠፋውን የፓዝፋይንደር ማከማቻ፣ የውሃ ማስተንፈሻውን ከፍ በማድረግ በ2012 አስመለሰች፤ ከተመለሰው 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውስጥም 42 ሚሊዮን ያህሉ ለወንዙ ተመደበ። ኔብራስካም ከኪንግስሊ ግድብ ሐይቅ ለአካባቢው የሚሆን የተለየ ሒሳብ ከፈተች። የመጀመሪያው ዕቅድ በዓመት ከ160 እስከ 185 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለማሻሻልና 4,000 ሄክታር ያህል መሬት ለመጠበቅ ነበር። መሬቱም የሚገኘው በፈቃዱ ከሚሸጥ ወይም ከሚያከራይ ሰው ብቻ ነው፤ በእኔ ግምት ገበሬው በፕሮግራሙ እንዲያምን ያደረገው ከውሃው ይልቅ ይህ አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም ነገር በታሰበው መንገድ አልሄደም። ውሃ በመልቀቅ ብቻ ለትናንሾቹ ወፎች፣ ለሊስት ተርንና ለፓይፒንግ ፕሎቨር፣ መክተቻ የሚሆን ከፍ ያለ የአሸዋ ደሴት ሊገኝ አልቻለም፤ ወፎቹ በተሻለ ሁኔታ የሚራቡት ከወንዙ ወጣ ባሉ የአሸዋ ማውጫ ጉድጓዶች ዳር ሆኖ ተገኘ። የወንዙን ወርድ ገላጣ አድርጎ ማቆየትም በየጊዜው ዛፍ መመንጠርና በማረሻ መገልበጥ ይጠይቃል። ሊስት ተርን በ2021 ከአደጋው መዝገብ ወጥቷል፤ ይህ ግን የፕላት ብቻ ውጤት አይደለም፣ ወፉ በሌሎች ትላልቅ ወንዞችም ይራባልና።

የፕሮግራሙ ዘመን በ2019 እስከ 2032 ተራዝሟል። በዚህ መካከል ግን በ2022 ኔብራስካ፣ በ1890ዎቹ ተጀምሮ የቀረውን የፐርኪንስ ቦይ እንደገና ልትቆፍር መነሣቷን አስታወቀች። በ1923 የተፈረመው የደቡብ ፕላት ውል፣ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባሉት የብርድ ወራት በሰከንድ 14 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ከኮሎራዶ ምድር እንድትጠልፍ ይፈቅድላታል። ኮሎራዶ ስላልተስማማች ኔብራስካ በ2025 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክስ አቀረበች። የሚካሰሱበት የብርድ ወራት ውሃ ደግሞ ታማራክን ከመሳሰሉ ኩሬዎች ሰርጎ ለወፎቹ እንዲደርስ የታሰበው ያው ውሃ ነው። ቦዩ ከተቆፈረ ለኩሬዎቹ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሚሆን፣ ጉድለቱንስ ማን እንደሚተካ፣ ሦስቱ ግዛቶች ከ2032 በፊት ቁጭ ብለው በሜትር ኩብ ሊተሳሰቡበት ይገባል።